የባቡር ጣቢያው ችካል ጠባቂ

ከአዘዞ ወደ ፀዳ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍራችሁ «ባቡር ጣቢያ ወራጅ አለ» ብትሉ ሾፌሩ ምንም ሳይጠይቅ ዳር ይዞ ያቆምላችኋል። ትወርዳላችሁ። ባቡር የለም። ሐዲድም የለም። ያለው የሐጂ ዐብዱልከሪም የሕንፃ ዕቃ መሸጫ ሱቅ፣ ሁለት ሻይ ቤት፣ ጠዋት ጠዋት ወደ ማራኪና ወደ አራዳ የሚሄደው ሰው የሚሰለፍበት አቧራማ ሜዳ፣ ከሰልፉ ጀርባ ደግሞ የአያ ሰውአገኝ ቤት ነው። ለቦታው እንግዳ የሆነ ሰው ዙሪያውን አይቶ ባቡሩ የት እንደሚቆም ከጠየቀ ተሰላፊው መልስ አያጣም። ጭልጋ ከሰል ሊጭን ሄዷል፣ ሲመለስ ታገኘዋለህ ይሉታል። እኔም ከፌርማታው ማዶ ቤት ተከራይቼ የመጣሁ ሰሞን ጠይቄ ይኸው ተነግሮኛል፤ አብሬያቸው ስቄአለሁ። የአያ ሰውአገኝን ግድግዳ በቅርብ ካየሁ ወዲህ ግን ያ ቀልድ አላሳቀኝም።

አያ ሰውአገኝ የኮሶዬ ሰው ነው። አባቱ በዚያ ደጋ ለድንበር ምስክርነት የሚጠሩ ነበሩ። ወንድማማቾች በእርሻ ሲጣሉ፣ ጎርፍ ወሰን ሲያጠፋ፣ እሳቸው ይምጡ ይባላል። ልጃቸውንም ለዚሁ አሰናዱት። በየዓመቱ ጥር ላይ፣ አዝመራው ከገባ በኋላ፣ ወሰን ለወሰን ይዘውት ይዞሩና በእያንዳንዱ የድንበር ድንጋይ አጠገብ አስቀምጠው አንድ አንድ እፍኝ የገብስ ቆሎ ያበሉት ነበር። ሰው ያየውን ይረሳል፣ የበላበትን ቦታ ግን አይረሳም ይሉ ነበር አሉ። ዛሬ በስድሳ ስምንት ዓመቱ የኮሶዬን ወሰኖች ቁጠር ቢሉት ዓይኑን ጨፍኖ ይቆጥራል፤ ሲቆጥር መንጋጋው እንደሚያኝክ ሰው ይንቀሳቀሳል።

የኖረበት ሙያ ግን ግንበኝነት ነው። በወጣትነቱ ጎንደር ወርዶ ከድንጋይ ጠራቢዎች ጋር ዋለ፣ ቱንቢ መጣል ተማረ። ጫፉ ላይ ሹል ብረት የተንጠለጠለበትን ያን ሲባጎ ከግንቡ ራስ ላይ ሲለቀው፣ ግንቡ ቀጥ ማለቱን ወይም መዝመሙን ብረቱ ይናገራል። ከማራኪ እስከ አዘዞ ስንት የድጋፍ ግንብ፣ ስንት የአጥር ግንብ እንዳቆመ ራሱም አያውቀውም። ሽታዬን ካገባ በኋላ፣ ፀዳ ገና የእርሻ ዳር በነበረ ጊዜ፣ የራሱን ቤት ሠራ። ድንጋዩን ራሱ ፈለጠ፣ ራሱ ጠረበ፣ ራሱ ካበ።

በሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምሕረት ቀያሾች መጡ። በሦስት እግር የቆመ መነጽራቸውን ተክለው ሜዳውን ለካኩት፤ በሳምንቱ ነዋሪው ለስብሰባ ተጠራ። ክራቫት ያሰረ አንድ ሰው ባቡር ሊመጣ ነው፣ የከተማው ዳር ጣቢያ እዚህ ይሆናል፣ ሠራተኛውም ተማሪውም ከፀዳ ተነስቶ በሩብ ሰዓት ከተማ ይገባል ብሎ ተናገረ። ጭብጨባው አዳራሹን ሞላው። ሽታዬ ከንግግሩ ሁሉ የምታስታውሰው አንዲት ነገር ብቻ ነው፤ በባቡሩ ውስጥ መቀመጫ ለሁሉም ይደርሳል መባሉን። ጉልበቷ ያን ጊዜም ያማት ነበር፤ ገበያ የምትሄደው በሚኒባስ፣ በሰው መሐል ተጣብቃ፣ አጎንብሳ ነበርና።

ከዚያ ችካል ተተከለ። የጣቢያው ክልል ዙሪያውን አሥራ አራት የኮንክሪት ችካሎች ቆሙ፤ ራስ ራሳቸው ቀይ ቀለም ተቀባ። አንዱ አያ ሰውአገኝ ጓሮ፣ የኮክ ዛፉ ሥር አረፈ። የቀን ሠራተኞቹ ጉድጓዱን ላይ ላዩን ቆፍረው ችካሉን አጋድመው ሊተክሉት ሲሉ አያ ሰውአገኝ አላስቻለውም። የዘመመ ነገር ማየት አይችልም። ቱንቢውን አመጣ፣ ጉድጓዱን አጠለቀ፣ በድንጋይና በሲሚንቶ አጥብቆ እንደ ጧፍ አቆመው። ሲጨርስ እዚያው ተቀምጦ ከኪሱ ቆሎ አውጥቶ በላ። ቀያሹ ደስ ብሎት ትከሻውን መታ አደረገና፣ «አባት፣ እንግዲህ ይህ ችካል አደራ» አለው።

ለዚያ ቀያሽ አደራ ማለት ሰው ሲሰነባበት የሚጥላት ቃል ነበረች። መኪናው ውስጥ ሳይገባ ረስቷት ይሆናል። ለአያ ሰውአገኝ ግን አደራ አደራ ነው፤ በሰው ፊት ተሰጥቶታል፣ በሰው ፊት እስኪመልስ ድረስ አንገቱ ላይ ነው።

ከችካሉ በኋላ ደብዳቤ መጣ። ካሳ ተከፍሎ እስክትነሱ ድረስ በክልሉ ውስጥ አዲስ ቤት መሥራት፣ ያለውን ማስፋት፣ የተጎዳውንም ማደስ ክልክል ነው ይላል። ያች ማደስ የምትለዋ ቃል ናት የሰውን ዕድሜ የበላችው። ካሳው አልመጣም። ባቡሩ አልመጣም። በሁለት ሺህ ሰባት የባቡር ሥዕል ያለበት ትልቅ ሰሌዳ ቆመ፤ ፀሐይ ሥዕሉን አነጣችው፣ ከዚያ የሰሌዳውን ብረት ሰው ነቅሎ ወሰደው። ሚኒባሶች ሰሌዳው በነበረበት ቦታ መቆም ጀመሩ፤ ረዳቶቹም «ባቡር ጣቢያ! ባቡር ጣቢያ!» እያሉ መጥራት ለመዱ። ከጣቢያው ሁሉ በሰዓቱ የደረሰው ስሙ ብቻ ነው። ክልከላው ግን አልነጣም፣ ማንም ነቅሎ አልወሰደውም።

ከአያ ሰውአገኝ አጥር አዋሳኝ ምንዳዬ የሚባል ደላላ አለ። በሦስተኛው ዓመት አንድ ማለዳ ምንዳዬ ጓሮ የነበረው ችካል ጠፋ። ከብት ነቀለው አለ። ይህን ሲል ችካሉ በሩ ላይ ተጋድሞ እሱ ራሱ ቁጭ ብሎበት ነበር። የጠየቀው የለም። በዓመቱ ስድስት ክፍል ቤት ሠርቶ ለማራኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አከራየ። ሌሎችም ያን አይተው ከብት ነቀለው፣ ጎርፍ ወሰደው፣ መኪና ገጨው እያሉ አሥራ ሦስቱ ችካሎች አለቁ። አንዱ የልብስ ማጠቢያ ድንጋይ ሆነ፤ አንዱ የጠላ ቤት በር መደገፊያ። ቀይ ራሱን ቀና አድርጎ የቀረው የአያ ሰውአገኝ ብቻ ነበር። ምንዳዬ በአጥሩ ላይ ብቅ እያለ ይነካካው ነበር፤ አያ ሰውአገኝ፣ ባቡሩ ሲመጣ ጡሩምባውን የምትነፋ አንተ ነህ፣ ጉሮሮህን ጠብቅ ይለው ነበር።

ግድግዳው መሰንጠቅ የጀመረው በሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ዓመተ ምሕረት ነው። ከሥሩ ውኃ ገባና ከመንገዱ በኩል ያለው ግንብ ሆዱን ገፋ። ከዚያ ግድግዳ ሥር የሽታዬ አልጋ ነው። ቤቱ ከዚያ ሌላ አልጋ የሚይዝ ቦታ የለውም፤ እሷም ጉልበቷ ከጠናባት ወዲህ አብዛኛውን ቀን የምታሳልፈው እዚያ ነው። አያ ሰውአገኝ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ቱንቢውን ከጣሪያው ሥር ይለቅና ግንቡ ስንት ጣት እንደገፋ ይለካል፤ በከሰልም ምልክት ያደርጋል። አንድ ጣት። ሁለት ጣት። በሁለት ሺህ አሥራ አምስት፣ ሦስት ጣት ተኩል። የሌላውን ሰው ግንብ ሲያቃና የኖረ ግንበኛ የራሱ ቤት ሚስቱ ላይ ሲዘምም በሲባጎ እየለካ ቁጭ ብሎ ያያል።

የዕድሳት ፈቃድ ጠየቀ። በየዓመቱ ጠየቀ። መልሱ በየዓመቱ አንድ ነበር፤ ክልሉ የጣቢያው ስለሆነ ጣቢያው እስኪሠራ ይጠብቁ። አንድ ጊዜ ብሶበት ስንጥቁን ብቻ በጭቃ መረገው። ደንብ አስከባሪዎች በሁለተኛው ቀን መጥተው የመረገውን በራሱ የግንበኛ ማንኪያ ፍቀው አወጡት። ስድስት ክፍል ያለፈቃድ ሲሠራ ያላዩ ዓይኖች አንድ ስንዝር ምርጊት አዩ። ይህን ያደረጉት ሰዎች ክፉ መስለው አልታዩኝም፤ ሥራችን ነው አሉ፣ ማንኪያውንም አጥበው መለሱለት። እኔን የሚያቃጥለኝ ያ ማጠባቸው ነው።

ባለፈው ዓመት ነሐሴ ጎርፍ ወረደ። ከላይ የመጣው ውኃ የአያ ሰውአገኝን ጓሮ ሸርሽሮ የኮክ ዛፉን አጋደመ፣ ያን ሲሚንቶ የጠጣ ችካልም ነቅሎ ሸለቆው ውስጥ ጣለው። ውሸት አያስፈልግም ነበር፤ በእርግጥም ጎርፍ ወሰደው። ሽታዬ ተመስገን አለች። ምንዳዬም ያን ቀን ለአንድ ጊዜ ቁም ነገር ተናገረ።

«አያ ሰውአገኝ፣ እኛ በእጃችን የነቀልነውን ላንተ እግዜር በውኃ ነቀለልህ። ሸጋ ነው፣ ዝም በል። ምነው ደግሞ ልትወርድ ነው?»

አያ ሰውአገኝ ሸለቆው ወርዶ ችካሉን በገመድ አስሮ ጎተተው። ግማሽ ቀን ፈጀበት። ጓሮው ተሸርሽሮ ምልክት የሚሆን ነገር አልቀረም፤ እሱ ግን ቆሎ የበላበትን ቦታ ያውቃል። ቁጭ ብሎ የቤተ ክርስቲያኑን ትልቅ ጽድ ጫፍ ከሐጂ ዐብዱልከሪም ሱቅ ማዕዘን ጋር አስተያየ፣ አንድ እርምጃ ወደ ግራ ተጠጋ፣ እዚህ ነው አለ። አጥብቆ ተከለው። ሽታዬ ሁለት ቀን ሙሉ ተቆጣችው። ሰዎች ሞኝ አሉት። እኔም በልቤ ብዬዋለሁ፤ አሁን ሳስበው ግን ሞኝነቱ ችካሉን መመለሱ አልነበረም። አደራ የሰጡት ሰዎችም አደራ የሚሉትን ነገር እሱ በሚያውቀው መንገድ ያውቁታል ብሎ ማመኑ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ይዞታ መዝጋቢዎች መጡ። አዲስ መመሪያ አለ አሉ፤ የጣቢያው ችካል የተገኘበት መሬት የጣቢያው ሆኖ ይቀጥላል፣ ችካል ያልተገኘበት ለያዘው ሰው ይመዘገባል። ምንዳዬ ጓሮ ገቡ፣ ችካል የለም፤ ተመዘገበለት። የጠላ ቤቱ ግቢ ገቡ፣ ችካሉ በሩን ደግፎ ቆሟል፤ በቦታው ስላልሆነ ችካል አይባልም ተባለ፤ ተመዘገበ። አያ ሰውአገኝ ጓሮ ሲገቡ ቀይ ራሱን ቀና አድርጎ ጠበቃቸው። በእጅ በሚያዝ መሣሪያቸው ለኩት። አንደኛው ባለሙያ ተገርሞ ሁለት ጊዜ ለካ፤ ከጎርፍ በኋላ በዓይን ብቻ የተተከለ ችካል አንዲት ጣት እንኳ አልሳተም። ጎበዝ ነዎት አባባ አለው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ «የጣቢያ ክልል» ብሎ ጻፈ።

ያ ሁሉ የተጨበጨበለት የባቡር ጣቢያ፣ ሰሌዳውና ሥዕሉ፣ ለሁሉም የሚደርሰው መቀመጫ፣ የቀረው የአንድ ሽማግሌ ጓሮና የአንዲት በሽተኛ ሴት መኝታ ሆነ። የነቀለ ባለ ካርታ ሆነ፣ የጠበቀ ተከለከለ።

በዚያ ምሽት ምንዳዬ በአጥሩ ብቅ ብሎ እንግዲህ ባቡሩ ካንተ ቤት ነው እሚያድር፣ አልጋ አንጥፍለት አለ። አያ ሰውአገኝ ቱንቢውን አወረደና ግድግዳውን ለካ፤ አምስት ጣት። ሽታዬ ከአልጋዋ ሆና ሲባጎው ሲወዛወዝ አየች። እንደ ወትሮዋ አልተቆጣችም።

«ሰውአገኝ፣ ለማን ነው የጠበቅህላቸው?» አለችው።

እሷ እንደምትለው ጠዋት ሲነጋ ነው የመለሰላት፤ ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ አለ።

ሰኞ ጠዋት በአንድ ሰዓት፣ ሰልፉ ከሱቁ በር እስከ ሻይ ቤቱ በደረሰበት ሰዓት፣ ሁለት ሰው ጠራ። አንዱ ሐጂ ዐብዱልከሪም፣ አንዱ ደግሞ ከኮሶዬ አብሮት የወረደው ዘመዱ አስናቀው ነው። በእነሱ ፊትና በተሰላፊው ሁሉ ፊት በዲጂኖ ችካሉን ነቀለው። አፈሩን ጠረገለት፣ በጆንያ ጠቀለለውና ትከሻው ላይ አድርጎ ከሁለቱ ጋር ሰልፍ ያዘ። ተራው ሲደርስ ረዳቱ ይኸ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ባቡር ጣቢያው ነው አለው አያ ሰውአገኝ። ከኋላ ወንበር አንዱ፣ ባቡሩ አልመጣ ቢለው ጣቢያው ሄደለት አለና መኪናው በሳቅ ተናወጠ። ሦስቱ ሽማግሌዎች አልሳቁም። ችካሉ በአያ ሰውአገኝ ጉልበት ላይ ተቀምጦ ከተማ ገባ።

ቢሮው ውስጥ ከመስኮት ወደ መስኮት ላኳቸው። አንዱ የኛ አይደለም አለ፣ ሌላው ስብሰባ ላይ ነን አለ። በመጨረሻ ወንጌላዊት የምትባል ወጣት ባለሙያ አስቀመጠቻቸው። አያ ሰውአገኝ ጆንያውን ፈትቶ ችካሉን ጠረጴዛዋ አጠገብ አቆመው፤ በልማዱ ቀጥ ማለቱን በዓይኑ አረጋገጠ።

«ልጄ፣ ይህን ችካል አደራ ተብዬ በሰው ፊት ተቀብያለሁ። ዛሬ በሰው ፊት ልመልስ መጥቻለሁ። ተረከቢኝና ፈርሚልኝ።»

ልጅቷ አላፌዘችበትም። ኮምፒውተሯን ፈተሸች፣ ተነስታ መዝገብ ቤት ገባች፣ አቧራ በእጇ ይዛ ተመለሰች። የጣቢያው ሥራ ጽሕፈት ቤት ከተዘጋ ስድስት ዓመት አልፎታል። ሲዘጋ ሰነዱን የተረከበ የለም። የችካሎቹ ዝርዝር የለም፣ የስብሰባው ቃለ ጉባኤ የለም፣ የካሳ ግምት የለም። አያ ሰውአገኝ ታዲያ መዝጋቢዎቹ በምን አውቀው የጣቢያው ነው አሉ ብሎ ጠየቃት።

«ማስረጃችን ችካሉ ነው አባባ» አለችው፤ ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«ችካሉስ የማን ነው?»

«በመዝገብ ላይ የለም።»

እኔ ይህን ከሐጂ ዐብዱልከሪም አፍ ነው የሰማሁት። አሥራ ሁለት ዓመት ሰውን ከገዛ ግድግዳው ያራቀ ነገር በየትኛውም ወረቀት ላይ አልነበረም። ደብዳቤውን የጻፈው ቢሮ የለም። ያች የማደስ ክልከላ ቆማ የኖረችው በዚህ ሽማግሌ ታማኝነት ብቻ ነው፤ እሱ ባይጠብቅላቸው ኖሮ ራሳቸው ሊያገኟት አይችሉም ነበር።

በዚህ መሐል የክፍሉ ኃላፊ በኮሪደሩ ሲያልፍ ጭቃ የነካ ኮንክሪት ቆሞ አየ። ምን እንደሆነ አልጠየቀም። «ይህን ድንጋይ ከዚህ አውጡልን» ብሎ አለፈ።

ሐጂ ዐብዱልከሪም ዕድሜውን በንግድ የኖረ ሰው ነው፤ የተሰጠና የተመለሰ ነገር የት ላይ እንደሚዘጋ ያውቃል። ወዲያው ወደ አስናቀው ዞረ።

«ሰማህ አይደል አስናቀው? አውጡልን ብለዋል። ባለቤቱ በሁለት ምስክር ፊት አልቀበልም አለ። ሰውአገኝ፣ አደራው ካንገትህ ወርዷል፤ ተነስ እንሂድ።»

በማግስቱ ጠዋት አያ ሰውአገኝ ሽታዬን ሐጂ ዐብዱልከሪም ቤት አሳረፋትና ያን ግድግዳ እስከ መሠረቱ አፈረሰው። ፈቃድ የለውም። አልተደበቀም፤ ሰልፉ ፊት ለፊት፣ በጠራራ ፀሐይ ነው የሠራው። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ያውቃቸዋል፤ ራሱ የጠረባቸው ናቸው። መንገዱን የሚያየው ማዕዘን እንደገና ተክቦ እስከ ጉልበት ሲደርስ፣ ከቢሮው ተሸክሞ የመለሰውን ችካል አነሳና አጋድሞ ገነባው፤ ቀይ ራሱ ወደ ውጭ ይታያል። በስምንተኛው ቀን ጨረሰ። ቱንቢውን ከላይ ለቀቀው። ብረቱ ግንቡን ሳይነካ፣ ሳይርቅ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ደንብ አስከባሪዎች በዘጠነኛው ቀን መጡ። ማንኪያውን አጥበው የመለሱት እነዚያው ናቸው። ፈቃድ ጠየቁት። አያ ሰውአገኝ ወደ ችካሉ ቀይ ራስ ጠቆመ። «ክልክል ነው ብሎ የኖረው እሱ ነው፤ እሱን ጠይቁት» አላቸው። ከመካከላቸው አንዱ ፈገግ ሊል ሲል ጓደኛው አየውና ተወው። ከዚያ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ግንቡን በራሱ እንዲያፈርስ፣ ካላፈረሰ እንደሚፈርስ የሚል ወረቀት ጽፈው ገና ባልደረቀው ምርጊት ላይ ለጠፉ። ደብዳቤው ላይ የቦታው ስም እንዲህ ተጽፏል፤ ፀዳ፣ ባቡር ጣቢያ።

ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ቀን ሆኖታል። ሽታዬ ወደ ቤቷ ተመልሳ አልጋዋ ላይ ናት፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ መተኛት ጀምራለች። ምንዳዬ በአጥሩ ብቅ ማለት ትቷል። አራት ቀን ቀርቷል። ግንቡን ይተዉት ያፍርሱት እኔ አላውቅም፤ በዚህ ከተማ ጥሩ ሰው ላይ ብቻ የሚደርስ ሕግ እንዳለ ግን አሁን አውቃለሁ፤ ይህንን ማንም አያስተባብለኝም።

ዛሬ ጠዋት ሰልፍ ላይ ቆሜ አየሁት። አዲሱ ግድግዳ ማዕዘን ሥር፣ ከችካሉ ቀይ ራስ አጠገብ ተቀምጧል። በመዳፉ የገብስ ቆሎ ይዟል። ለሽታዬም በመስኮት አቀበላት። የሚኒባሱ ረዳት ባቡር ጣቢያ እያለ ይጮኻል፣ ሰው ይጋፋል፣ እሱ አንዲት አንዲት ፍሬ እያነሳ፣ ቀስ ብሎ፣ ቦታውን በልቡ እየያዘ ያኝካል።